ሁለት ካሪየር በአንድ ፍሪኩዌንሲ

ተናጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንጋፋው ዕድሜውን በሳተላይት ጣቢያ ያሳለፈ ቴክኒሺያን ነው። ወጣቷ በኤሌክትሪካል ምሕንድስና ተመርቃ በቅርቡ የመስክ ሥራ ጀምራለች። የሚነጋገሩት በአዲስ አበባና በአንድ ሩቅ ቅርንጫፍ መካከል ሊዘረጋ ስለታሰበ የሳተላይት ሊንክ ነው።

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ ከኦፕሬተሩ የመጣውን የትራንስሚሽን ፕላን እያየሁ ነው። የእኛ መላኪያ 6100 ሜጋኸርዝ፣ የቅርንጫፉ መላኪያም 6100። መቀበያችን 3875፣ የእነሱም 3875። ፖላራይዜሽኑ ሳይቀር አንድ ነው።

አንጋፋው፦ ሆን ተብሎ ነው። ሳተላይቱ የሰማውን 2225 ሜጋኸርዝ ዝቅ አድርጎ ይመልሳል፤ በሲ ባንድ የተለመደው ልዩነት ይህ ነው። ሁለታችሁ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ከላካችሁ የሁለታችሁም በአንድ ፍሪኩዌንሲ ተደራርቦ ይወርዳል። ስፔክትረም አናላይዘር ላይ የምታዪው አንድ ጉብታ ብቻ ነው።

ወጣቷ፦ ዩኒቨርሲቲ የተማርነው እኮ ካሪየር በካሪየር ላይ ከወጣ ሁለቱም እንደሚበላሹ ነው።

አንጋፋው፦ የማታውቂው ካሪየር ከሆነ አዎ። እዚህ ግን ከሁለቱ አንዱ የራስሽ ነው። ሞደሙ የላከውን ያውቀዋል፤ ቅጂውን ይዞ ይጠብቃል። ሩብ ሰከንድ ያህል ቆይቶ ያው ሲግናል ከሳተላይቱ ሲመለስ፣ ቅጂውን በዚያው ልክ አዘግይቶ፣ ጉልበቱን፣ ፌዙንና ፍሪኩዌንሲውን ከመጣው ጋር አስማምቶ ይቀንሰዋል። የሚተርፈው የቅርንጫፉ ሲግናል ነው። ቅርንጫፉም በበኩሉ የራሱን ቀንሶ የእኛን ያገኛል።

ወጣቷ፦ ይህ የስልኩ ኤኮ ካንስለር ነው ማለት ነው።

አንጋፋው፦ ዘሩ ከዚያ ነው። ኢንቴልሳት 1፣ ኧርሊ በርድ የሚሏት፣ በ1965 እ.ኤ.አ. ከመጠቀች በኋላ በሳተላይት የሚደውል ሰው የራሱ ድምፅ ዘግይቶ እየተመለሰ ያስቸግረው ነበር። ቤል ላብስ በዚያው ዘመን የሠራቸው ማሚቶ የሚቀንሱ መሣሪያዎች ናቸው መንገዱን የከፈቱት። በ1997 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቪያሳት በሳተላይት ለሚገናኙ ሁለት ጣቢያዎች በሚሆነው ዘዴ ላይ የፈጠራ መብት አገኘ፤ ፒሲኤምኤ ይሉታል። ኮምቴክ ኢኤፍ ዳታም አፕላይድ ሲግናል ቴክኖሎጂ ከተባለ ድርጅት ፈቃድ ወስዶ ደብልቶክ ካሪየር ኢን ካሪየር በሚል ስም ሞደሞቹ ውስጥ አስገባው። ሜኑው ላይ ሲኤንሲ የሚለውን ስታዪ እሱ ነው።

ወጣቷ፦ ትርፉን አስልቼዋለሁ። በየአቅጣጫው 2048 ኪሎቢት ነው የምንፈልገው። በኪውፒኤስኬ ሦስት አራተኛ 1365 ኪሎሲምቦል ይሆናል፤ በ35 በመቶ ሮልኦፍ 1.84 ሜጋኸርዝ ይይዛል። ሁለቱን አቅጣጫ ጎን ለጎን ብናስቀምጥ 3.69 ልንከራይ ነው። ሲደራረብ 1.84 ይበቃናል። ግማሽ ኪራይ ቀረልን።

አንጋፋው፦ ግማሽ ቦታ ቀረልን በይ። ኪራዩ ግማሽ ይሁን አይሁን ገና አላየንም። የኦፕሬተሩ ውል ላይ ከባንድዊድዙ አጠገብ የኃይል ዓምድ አለ። ትራንስፖንደርን እንደ ጭነት መኪና አስቢው፤ ጥጥ ብትጭኚበት ሳይከብድ ቦታው ይሞላል፣ ጨው ብትጭኚበት ቦታው ሳይሞላ ሚዛኑ ያልቃል። ኦፕሬተሩ የሚያስከፍልሽ ከሁለቱ በበለጠው ነው። ማደራረብ የሚያተርፈው ቦታውን ነው። ሁለቱም ካሪየሮች ከሳተላይቱ ጉልበት ድርሻ ድርሻቸውን መውሰዳቸው አይቀርም።

ወጣቷ፦ እንግዲያው ሊንኩ ቀድሞውኑ በኃይል የተገደበ ከሆነ ምንም አላተረፍንም?

አንጋፋው፦ እንደዚያ ብለው የተዉት አሉ፤ ትክክል ግን አይደሉም። የተረፈው ቦታ ወደ ኃይል ሊመነዘር ይችላል። አሁን ያለሽበት ሊንክ በ8ፒኤስኬ የሚሠራ ነው እንበል። እስኪ እሱን አስዪው።

ወጣቷ፦ 8ፒኤስኬ ሦስት አራተኛ... 910 ኪሎሲምቦል፤ 1.23 ሜጋኸርዝ። ሁለት ጊዜ፣ 2.46። ወደ ኪውፒኤስኬ ወርደን ብናደራርበው 1.84 ስለሆነ ቦታው በ25 በመቶ ያንሳል።

አንጋፋው፦ ኃይሉስ?

ወጣቷ፦ በዲቪቢ ኤስ2 ሰንጠረዥ ብንሄድ ኪውፒኤስኬ ሦስት አራተኛ በሲምቦል 4.03 ዴሲቤል ይፈልጋል፣ 8ፒኤስኬ 7.91። ወደ ቢት ስመልሰው ልዩነቱ 2.1 ዴሲቤል ገደማ ነው። የመረጃው መጠን እኩል ስለሆነ ልዩነቱ በቀጥታ የኃይል ልዩነት ነው።

አንጋፋው፦ ለመቀነሱ ሥራ የሚጠፋውን ደግሞ አስቢ። ፍጹም ቅነሳ የለም፤ በኪውፒኤስኬ 0.3 ዴሲቤል ያህል ይበላል፤ በ16 ካም 0.6 ይደርሳል።

ወጣቷ፦ እንዲያም ሆኖ 1.8 ይተርፋል። አንድ ሦስተኛ ያህል ኃይል ቀነስን ማለት ነው! በቦታው ሩብ፣ በኃይሉ ሲሶ።

አንጋፋው፦ ዘዴው የሚወደደው ለዚህ ነው። ሞጁሌሽን እየጨመሩ ካሪየሩን በማጥበብ ብቻ ቦታ የሚቆጥብ ሰው ኃይሉን እየከፈለ ነው፤ ብዙ ጊዜም ቢዩሲ የሚባለውን የመላኪያ ማጉያ በትልቁ፣ ዲሹንም በትልቁ ይገዛበታል። የኪራዩ ገንዘብ ደግሞ ብር አይደለም። ኢትዮጵያ የራሷ የመገናኛ ሳተላይት የላትም፤ በታኅሣሥ 2012 የመጠቀችው ኢቲአርኤስኤስ-1 የመሬት ምልከታ ሳተላይት ናት። የመገናኛውን ሜጋኸርዝ ከውጭ ድርጅት ነው የምንከራየው፣ ወር በወር፣ በዶላር። አንድ ሜጋኸርዝ ማዳን ውጭ ምንዛሪ ማዳን ነው፤ ለዚህ ነው እንደ ሜኑ ጨዋታ ሳይታይ በጥንቃቄ እንዲሠራ የምጨነቀው።

ወጣቷ፦ ወደ ሞደሙ እንሂድ። ፍሪኩዌንሲው ላይ ግራ የገባኝ አለ። የእኛ ሞደም መላኪያውም መቀበያውም 1275 ሆኗል። የቅርንጫፉ መላኪያ ደግሞ 1200 ተብሏል።

አንጋፋው፦ ቢዩሲዎቹ ስለሚለያዩ ነው። የእኛ ሎካል ኦሲሌተር 7375 ነው፤ ከ7375 ላይ 6100 ሲቀነስ 1275። የመቀበያው ኤልኤንቢ 5150 ነው፤ ከዚያ ላይ 3875 ሲቀነስ አሁንም 1275። የቅርንጫፉ ቢዩሲ 4900 ስለሆነ ከ6100 ላይ 4900 ሲቀነስ 1200። ወደ ሰማይ የሚወጣው አንድ ፍሪኩዌንሲ ነው።

ወጣቷ፦ እንግዲያው የእኛ ቢዩሲ ስፔክትረሙን ይገለብጠዋል፣ የእነሱ አይገለብጥም።

አንጋፋው፦ ጎበዝ። እኔ የምከተለው አንድ ልማድ ነው፦ ሳተላይቱ ላይ የሚደርስ ካሪየር ሁሉ ቀጥ ብሎ ይድረስ። ስለዚህ በእኛ ሞደም የመላኪያው ኢንቨርት ይበራል፣ በእነሱ ይጠፋል። ኤልኤንቢዎቹ ሁለቱም ስለሚገለብጡ የመቀበያው ኢንቨርት በሁለቱም ይበራል። አንዱ ከተሳሳተ የያዝሽው ቅጂና ከሰማይ የሚመለሰው በመስታወት እንደሚታይ ፊት ግራና ቀኙ ይቀያየራል፤ ሞደሙ ልቀንስ ቢል አይገጥምለትም።

ወጣቷ፦ ኤልኤንቢው ምን ዓይነት ይሁን? መጋዘን ውስጥ ያለው ዲአርኦ ነው።

አንጋፋው፦ እሱ ይቅር። ዲአርኦ በቀን ሙቀትና በሌሊት ብርድ 500 ኪሎኸርዝ ያህል ሊዋልል ይችላል። ካሪየራችን 1.84 ሜጋኸርዝ ነው። ሞደሙ ቅጂውን የሚያስማማው በጥቂት ኪሎኸርዝ ልዩነት ውስጥ እየፈለገ ነው። ፒኤልኤል ያለው፣ ከተቻለም ከሞደሙ 10 ሜጋኸርዝ ሪፈረንስ የሚወስድ ኤልኤንቢ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ መቆጠብ ኋላ ብዙ ያስከፍላል።

ወጣቷ፦ የዲሌይ መፈለጊያውስ? ሜኑው ትንሹንና ትልቁን ይጠይቃል። ከ0 ብናስጀምረው ራሱ ፈልጎ አያገኘውም?

አንጋፋው፦ የት እንዳለ እያወቅሽ ለምን ከ0 ይፈልጋል? ሳተላይቱ አናትሽ ላይ ቢሆን 35,786 ኪሎሜትር ነው፤ ደርሶ መልሱ 239 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። አድማስ ላይ ቢሆን ወደ 41,700 ይጠጋል፤ 278 ነው። ከዚህ የሚወጣ የለም። ከ230 እስከ 290 ስጪው። ከ0 ከጀመርሽ ክፍሉ ውስጥ በኬብል የሾለከ የራስሽን ሲግናል እንዳያገኝ ዋስትና የለሽም።

ወጣቷ፦ ትክክለኛውን ቁጥር አስቀድሜ ላሰላው እችላለሁ?

አንጋፋው፦ አስዪው፤ ደስ የሚል ሥራ ነው። ሁሉም ሰው ዲሹን ያዞረበትን፣ ኢትዮሳት የሚተላለፍበትን ሳተላይት ውሰጂ፤ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ እዚያ ድረስ 36,250 ኪሎሜትር ገደማ ይሆናል። ደርሶ መልስ 72,500። በብርሃን ፍጥነት ስታካፍዪው 242 ሚሊሰከንድ። ሞደሙ ከዚያ የራቀ ቁጥር ካሳየሽ ዲሽሽ ወዴት እንደዞረ ጠይቂ።

ወጣቷ፦ ቁጥሩ ግን ቀኑን ሙሉ ባለበት አይቆምም አይደል?

አንጋፋው፦ አይቆምም። ሳተላይት ባለበት የቆመ ይመስላል እንጂ ይንቀሳቀሳል። ኦፕሬተሮች ብዙውን ጊዜ 0.1 ዲግሪ ስፋት ባለው ሳጥን ውስጥ ይይዙታል፤ በዚያ ከፍታ 0.1 ዲግሪ ማለት 74 ኪሎሜትር ያህል ነው። ዲሌዩ ቀስ እያለ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሞደሙ ይከተለዋል። ያ ጤና ነው።

ወጣቷ፦ እንግዲህ ሞደሙ ዲሌዩን ይፈልጋል፣ ይከተላል፣ ጉልበቱን ያስማማል። እኔ የገባሁበት ዘመን ይህ ሁሉ በራሱ የሚሠራበት ነው። እርስዎ ግን ለርክክቡ ያዘጋጁት ቅጽ ሁለት ጣቢያ በየተራ እየጠፋ እየበራ እንዲለካ ያዛል። ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሁለቱንም አብርተን ሎክ ካደረገ ለምን አንሄድም?

አንጋፋው፦ ሎክ ማድረጉ ምን እንደሚያረጋግጥልሽ ልጠይቅሽ። ሲኤንሲውን አጥፊውና የቅርንጫፉን ካሪየር አስወርጂ። ከሰማይ የሚመለሰው የራስሽ ካሪየር ብቻ ነው። ፍሪኩዌንሲው ያው፣ ሲምቦል ሬቱ ያው፣ ሞጁሌሽኑ ያው። ሞደሙ ምን ያደርጋል?

ወጣቷ፦ ይይዘዋል። አረንጓዴ መብራት ይበራል።

አንጋፋው፦ የሲግናሉ ጥራት መለኪያ ኢቢ ኖውም ጥሩ ነው፣ ስህተትም የለም። የላክሽው ፓኬት ግን ወደ ራስሽ ስዊች ይመለሳል፤ ኔትወርኩን ማመስ ይጀምራል። በተለመደው ሊንክ መላኪያና መቀበያ ስለሚለያይ ይህ አይገጥምም። እዚህ አረንጓዴ መብራት ምስክር አይሆንም። ስለዚህ ሲኤንሲው በርቶ ሳለ ቅርንጫፉ ካሪየሩን እንዲያወርድ በስልክ ጠይቂ። ሎኩ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ የምትሰሚው ራስሽን ነው።

ወጣቷ፦ ይህንን አልክድም። ግን ለዚያ የአንድ ደቂቃ ሙከራ ይበቃል። ግማሽ ቀኑ ለምን?

አንጋፋው፦ ካሪየሮቹ አንዴ ከተደራረቡ በኋላ በአናላይዘር ልትለዪያቸው ስለማትችዪ። እኩል ከሆኑ ጉብታው 3 ዴሲቤል ከፍ ይላል፤ ሌላ የሚታይ ነገር የለም። ከወር በኋላ ሊንኩ ቢደክም፣ ጥፋቱ የእኛ ኃይል ይሁን፣ የእነሱ ዲሽ፣ ወይም ከሥር የገባ የማናውቀው ካሪየር፣ ምን ይዘሽ ትፈርጃለሽ? ያኔ የሚያስፈልግሽ ንጹሕ በነበሩበት ጊዜ የተለካው ነው። ያንን ለማግኘት ካሪየሮቹ ሳይደራረቡ በየተራ መብራት አለባቸው። በሥራ ላይ ያለን ሊንክ አጥፍቶ መለካት ደግሞ ደንበኛው አይፈቅድልሽም። ዕድሉ የሚገኘው በመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው።

ወጣቷ፦ ቅደም ተከተሉን ይንገሩኝ።

አንጋፋው፦ መጀመሪያ የኦፕሬተሩ መቆጣጠሪያ ማዕከል በስልክ ላይ ይሁን፤ ያለ ሞጁሌሽን ንጹሕ ካሪየር አውጥተሽ ክሮስ ፖሉን፣ ማለት ወደ ሌላው ፖላራይዜሽን የሚሾልከውን፣ እነሱ ይለኩ፣ ይፍቀዱ። ከዚያ የእኛ ካሪየር ብቻውን ይውጣ። እኛም ሲመለስ እንለካዋለን፣ ቅርንጫፉም ይለካዋል፣ ኢቢ ኖውንም ይጽፋል። የእኛ ይውረድ፣ የቅርንጫፉ ብቻውን ይውጣ፤ ያንኑ እናድርግ። አሁን እያንዳንዱ ጣቢያ በአንድ አናላይዘር የለካቸው ሁለት ቁጥሮች አሉት፤ የራሱና የሌላው። ልዩነታቸው ምን ይነግርሻል?

ወጣቷ፦ ሲምቦል ሬታቸው እኩል ስለሆነ ሞደሙ በኋላ ሬሾ ብሎ የሚያሳየው ቁጥር እሱ ራሱ መሆን አለበት።

አንጋፋው፦ ካልሆነ አትቀጥዪ። ቢዩሲው ወደ ሙላቱ ተገፍቶ ሲግናሉን አጣሞት ይሆናል፤ የተጣመመ ሲግናል ከቅጂው ጋር አይገጥምም። ወይም ከሥር ሌላ ካሪየር አለ።

ወጣቷ፦ ቆይ ጋሼ፣ አንድ ነገር ታየኝ። እኛ ጋ ትልቅ ዲሽ ነው፣ ቅርንጫፉ ጋ ትንሽ። ትንሹ ዲሽ እንዲሰማን የእኛ ካሪየር ከሳተላይቱ በርትቶ መውረድ አለበት። የእነሱ ግን ደከም ብሎ ቢወርድም ትልቁ ዲሽ ይሰማዋል። እንግዲያው እኛ ጋ የራሳችን ከእነሱ ይበልጣል። 6 ዴሲቤል ይበልጣል ብንል፣ እነሱ ጋ የራሳቸው ከእኛ በ6 ያንሳል። ሁለቱም ካሪየሮች በአንድ መንገድ ስለሚወርዱ ሬሾው መውረጃው ላይ አይለወጥም። ከሁለቱ ጣቢያ የሚነበበው ቁጥር ሲደመር ዜሮ መሆን አለበት!

አንጋፋው፦ መሆን አለበት። በስልክ ሁለታችሁ አንብቡና ደምሩ። የማውቃቸው ሞደሞች እስከ 7 ዴሲቤል ያለውን ልዩነት ያለ ችግር ይሸከማሉ። ከዚያ ከበለጠ የኃይል ዕቅዱን እንደገና ማየት ይሻላል።

ወጣቷ፦ ከዚህ ሌላም ይወጣል። ሬሾው የሚናገረው ስለ መላኪያው ብቻ ነው ማለት ነው። ክረምት ላይ እዚህ ዝናብ ቢጥል መላኪያችን ይደክማል፤ ሬሾአችን ይወርዳል። መቀበያችንም ስለሚደክም ኢቢ ኖው አብሮ ይወርዳል። ዝናቡ ቅርንጫፉ ላይ ከሆነ ግን የእነሱ ካሪየር ነው የሚደክመው፤ እኛ ጋ ሬሾው ይወጣል፣ ኢቢ ኖው ይወርዳል።

አንጋፋው፦ ኢቢ ኖው ብቻውን ወርዶ ሬሾው ካልተነቃነቀስ?

ወጣቷ፦ ጥፋቱ እዚሁ መቀበያው ላይ ነው። ኤልኤንቢው፣ ኬብሉ፣ የዲሹ አቅጣጫ... መላኪያንም የሚነካ ካልሆነ። በሲ ባንድ ዝናቡ ብዙ አይታይም፣ በኬዩ ባንድ ግን በግልጽ ይነበባል። ማንንም ሳንጠይቅ፣ ከአንድ ስክሪን!

አንጋፋው፦ ይህንን ቅጹ ላይ ጻፊልኝ፤ በዚህ መልክ ተጽፎ አላየሁትም። ለማታ ተረኛ ከማኑዋሉ ይልቅ ይጠቅመዋል። ግን አስተውይ፣ ወረደ ወይም ወጣ ለማለት መነሻው ቁጥር ሊኖርሽ ይገባል።

ወጣቷ፦ ተረታሁ፤ ግማሽ ቀኑን እሰጣለሁ። አዳዲሶቹ ሞደሞች ያላቸው አውቶማቲክ የኃይል መቆጣጠሪያስ? ሁለቱ ሞደሞች ተነጋግረው ዝናብ ሲጥል ኃይል ይጨምራሉ።

አንጋፋው፦ ለሲኤንሲ ተብሎ የተሠራው ጥሩ ነው፤ አንዱ ሲጨምር ሌላውን ይቆጥራል፣ የሁለቱ ድምር ከተፈቀደልን እንዳያልፍ ይጠብቃል። አንዱ ጣቢያ ብቻውን እየጨመረ ቢሄድ ግን የራሱ ሲግናል በጎረቤቱ ላይ ይገዝፋል፣ ሬሾው ይዛባል፣ ኦፕሬተሩም ይደውላል። ጣሪያውን ከኦፕሬተሩ ጋር ከተስማማችሁበት በላይ አታድርጊ፤ የምታበሪውም ከልኬቱ በኋላ ይሁን።

ወጣቷ፦ ባክአፕ ሞደም ስናስገባ አንዱን ለመላኪያ ሌላውን ለመቀበያ ማድረግ የለመድነው ነበር።

አንጋፋው፦ እዚህ አይሆንም። የሚቀንሰው የላከውን የሚያውቀው ነው። መላኪያና መቀበያው በአንድ ሣጥን ውስጥ ይሁን፤ ሲቀየርም ሁለቱም አብረው ይቀየሩ።

ወጣቷ፦ የማይሠራበት ሌላ ቦታስ?

አንጋፋው፦ የራስሽን ካሪየር መስማት በማትችዪበት ሁሉ አይሠራም። ስፖት ቢም ባላቸው ሳተላይቶች የላክሽው በሌላ ቢም ሊወርድ ይችላል፤ ራስሽን ካልሰማሽ የምትቀንሺው የለሽም። ሲግናሉን ሰማይ ላይ ፈትቶ እንደገና የሚሠራ ሳተላይትም እንዲሁ ነው። በሁለቱ ጣቢያ መካከል ሲምቦል ሬቱ በጣም ከተራራቀም ጥቅሙ ይቀንሳል፤ በሲዲኤም-625 ሞደም ለምሳሌ ሦስት ለአንድ ነው ገደቡ።

ወጣቷ፦ እንደ ወረዳኔት ባለ፣ አንድ ማዕከልና ብዙ ቅርንጫፍ ባለው ኔትወርክስ?

አንጋፋው፦ እኛ የምናወራው ስለ ሁለት ነጥብ ሊንክ ነው። ለኮከብ ቅርጽ ግን ሌላ መልክ አለው። ከማዕከሉ የሚወጣው ትልቅ ካሪየር ከሥሩ የቅርንጫፎቹን ትንንሽ ካሪየሮች ይይዛል። ማዕከሉ የራሱን ትልቁን ቀንሶ ትንንሾቹን ይሰማል። ቅርንጫፎቹ ምንም መቀነስ አያስፈልጋቸውም፤ ለእነሱ ትንንሾቹ ከኖይዝ ብዙ አይበልጡም። መሣሪያው የሚገዛው ለማዕከሉ ብቻ ነው።

ወጣቷ፦ አንድ ሻጭ ደግሞ ሁለት ካሪየር ስለተደራረበ ማንም ሊጠልፈው አይችልም ብሎኛል።

አንጋፋው፦ ለሦስተኛ ወገን መለየቱ ይከብደዋል፤ ምስጠራ ግን አይደለም። የደንበኛው መረጃ በምስጠራ መሄድ ካለበት በምስጠራ ይሂድ።

ወጣቷ፦ ቅጹን እንደገና ልጻፈው። ለእያንዳንዱ ጣቢያ ስድስት ቁጥር፦ የራሱ ካሪየር ብቻውን ሲለካ፣ የሌላው ካሪየር ብቻውን ሲለካ፣ ሳይደራረብ የነበረው ኢቢ ኖ፣ ከተደራረበ በኋላ ያለው ኢቢ ኖ፣ ሬሾው እና ዲሌዩ። ከሥሩ የተለካበት ቀንና ሰዓት፣ የአየሩ ሁኔታ፣ የለካው ሰው ስም። ሁለቱ ኢቢ ኖዎች ከ0.3 ዴሲቤል ብዙ ከተራራቁ ሥራው አላለቀም።

አንጋፋው፦ የቅርንጫፉ ባለሙያ ስልክም ይጻፍ። የእሱ ስድስት ቁጥር ከሌለ የእኛው ግማሽ ነው። አንድ ቅጂ እዚህ፣ አንድ እዚያ፣ አንዱ ለኦፕሬተሩ ይላክ።

ወጣቷ፦ ሐሙስ ሁለቱም ጣቢያ ዝግጁ ይሆናሉ። ኦፕሬተሩን ለጠዋት ሦስት ሰዓት አስይዤዋለሁ።

አንጋፋው፦ ጥሩ። የርክክቡ ወረቀት ላይ የምፈርመው አሥራ ሁለቱም ቁጥሮች ተሞልተው ሲመጡልኝ ነው።